«ፍየል ግዝት አታውቅም»፦ ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን የሚባለውና እውነታው

በጎንደር ዙሪያ ከገላጣው ማሳ መሀል ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ከታየ፣ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ። ስለዚያ ደን ከሰበካ ጉባኤ ስብሰባ እስከ ማኅበር ቤት ደጋግመው የሚሰሙ አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት ስለሆኑ ይብሳሉ።

«እግዚአብሔር ምድርን ግዙአት ብሎናል»

ብሏል፤ ዘፍጥረት 1፥28። ግን እዚያው 2፥15 ላይ ሰው በገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነው። መግዛቱ ሹመት ነው፤ ሹም ደግሞ ይጠየቃል። ዘዳግም 20፥19 ከተማ የከበበ ጦር እንኳ የፍሬ ዛፎቿን በምሳር እንዳይቆርጥ ይከለክላል። በጦርነት ያልተፈቀደው ለአጥር ማገር ይፈቀዳል?

«ዓለም አላፊ ነው፤ ስለ ዛፍ ምን አስጨነቀን?»

ሰውም አላፊ ነው፤ ሲታመም ግን ዝም አይባልም። በቅዳሴው ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃ፣ ስለ ምድር ፍሬ ይለመናል። ለምኖ ወጥቶ የምንጩን ራስ መመንጠር የራስን ልመና ማፍረስ ነው።

«ደኑን ታቦቱ ይጠብቀዋል»

ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ሲመነጠር እነዚህ ደኖች የተረፉት ሰው ታቦቱን ስለፈራ ነው። ፍየል ግን ግዝት አታውቅም።

ዛፎቹ ቆመው ሳለ ደኑ ሊሞት ይችላል። ከትልቁ ወይራ ሥር ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፦ ጉልበት የሚደርስ ቡቃያ ከሌለ፣ ያ ወይራ ወራሽ የለውም። ከብት የበቀለውን ይግጣል፣ መሬቱንም እንደ አውድማ ይጠቀጥቀዋል፤ የወደቀ ዘር ሥር መስደጃ ያጣል።

መፍትሔው ካብ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ከካህናትና ከምእመናን ጋር የሠሩት ይህንኑ ነው። ድንጋዩ ከማሳ ስለሚለቀም ገበሬውም ያተርፋል። ትልልቁ ከሥር ይሁን፣ ቁመቱ ፍየል የማትዘልለው። በር ይኑረው፤ በር የሌለውን ካብ ሰው በአቋራጭ እያፈረሰ ራሱ በር ያወጣለታል። ደግሞም ከዳር ዛፍ ግንድ ሥር አይካብ፤ ጥቂት ሜትር ራቅ ከተባለ ደኑ ራሱ እየዘራ ወደ ካቡ ይሰፋል። በጎንደር ከተማው ደብረ ብርሃን ሥላሴም ዛፎቹ ያሉት ከቅጥሩ ውስጥ ነው።

«ባሕር ዛፍም ዛፍ ነው»

ነው። ለማገዶና ለቤት ሥራ ባሕር ዛፍ ባይኖር ወይራውና ጽዱ ቀድመው ባለቁ። ጥፋቱ የቦታው ነው። ከጸበሉ ምንጭ ራስ ላይ ሲተከል ውኃውን ይሻማል፤ ቅጠሉ ተጠርጎ ለማገዶ ከተወሰደ ደግሞ ሥሩ ባዶ ይቀርና አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል። ከየተዳፋቱ የሚታጠብ አፈር የት እንደሚያርፍ የጎንደሩ የአንገረብ ግድብ ደለል ይናገራል። ለደብሩ ገቢ የሚተከል ከሆነ ከምንጭና ከነባሩ ደን የራቀ የራሱ ቦታ ይሰጠው።

«ችግኝ ተከልን፤ ግዴታችንን ተወጣን»

ብዙው ጥፋት እዚህ ላይ ነው።

ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፤ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 40 ስፋት። የላዩ አፈር በአንድ በኩል፣ የሥሩ በሌላ በኩል ይቀመጥ። ቤተ ክርስቲያን ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 18 ያለውን «ዘርዕ፣ ደመና» ትለዋለች፤ ዝናቡ አፈሩን ጠለቅ ብሎ ካራሰ የመትከያው ጊዜም ይኸው ነው። በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ሥር ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል።

ከሁሉ የሚከፋው ከነላስቲኩ መትከል ነው። ችግኙ ለጊዜው ለምልሞ ያታልላል፣ በጋ ሲጠና ይደርቃል፤ ነቅለው ቢያዩት ሥሩ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሏል። ላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀው ያውጡ፣ ከግርጌ የተጠመጠመውን ሥር ይቁረጡ፣ አፈሩን ሳይበትኑ ያስገቡ። መጀመሪያ የላዩ አፈር ይመለስ፤ ፍሬያማው እሱ ነው። የችግኙ አንገት፣ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት፣ ከመሬት እኩል ይሁን፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ከፍ ካለ ሥሩ ይጋለጣል። ዙሪያውን በእግር ጠቅጠቅ ያድርጉ፤ ሥሩ አካባቢ ክፍተት ከቀረ ይደርቃል። ላስቲኩም እዚያው አይጣል፤ ተለቅሞ ይወሰድ።

ዝርያው ከደኑ ይምጣ፦ ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛ፣ ዝግባ፤ ደጋ ለሆነ ኮሶ። ወይራ ለሚያፈላ፣ የዘሩ ቅርፊት ድንጋይ ነውና ውስጡ ሳይጎዳ ቢሰነጠቅ ቶሎ ይበቅላል።

በመስከረም ዙሪያው ይታረም፣ ሣር ይጎዝጎዝበት፤ ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ። ከኅዳር ጀምሮ ውኃ ነው፤ ቢያንስ በመጀመሪያው በጋ፣ በሳምንት አንዴ ለአንድ ችግኝ 5 ሊትር። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን አራት ያጠጣል፤ 100 ችግኝ ማለት በየሳምንቱ 25 ጀሪካን ነው። የተከላው ቀን ፎቶ ላይ ይህ አይታይም። ከሰንበት ተማሪዎቹ ጀሪካኑን የሚያመላልሱት በስም ካልተመደቡ፣ በመቶው ፈንታ 30 ይተከል።