«በሽተኛ ፊት አይሳቅም» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

አክስቴ የምትኖረው አዲስ አበባ፣ ካራ ነው። የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ስትከታተል በየ21 ቀኑ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን በመገናኛ በኩል ወደ መሐል ከተማ እንሄድ ነበር፤ ኬሞዋን (በደም ሥር የሚሰጣትን የካንሰር መድኃኒት) ወስዳ የምንመለሰው ሲመሽ ነው። በእነዚያ ወራት ጠያቂዎች ስለ ሳቅ ሲናገሩ የሰማኋቸው አንዳንድ ነገሮች ጎድተዋታል።

«በሽተኛ ፊት መሳቅ ነውር ነው»

ከሁሉም የከበደን ይህ ነበር። ጠያቂ ፊቱን አጥቁሮ ይገባል፣ «እግዜር ይማርሽ» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ከንፈር መምጠጥ ብቻ ነው። የበሽታው ስም አይነሣም፤ «ያ በሽታ» ይባላል። አክስቴ ድሮ ጥርስ የማታስከድን ሴት ናት። የገዛ ቤቷ ለቅሶ ቤት ሲመስል እያየች ዝም ማለት ጀመረች።

ከምትወስዳቸው መድኃኒቶች አንዱ ዶክሶሩቢሲን ነው። መልኩ ቀይ ነው፤ ሽንትንም ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላል። አንድ ቀን ጠያቂዎች ተሰብስበው ሳለ፣ «እናንተ ጠላችሁን ጠጡ፤ ለእኔ ቀይ ወይን በደም ሥሬ ይቀዳልኛል» አለች። ጎረቤቷ ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል አይታ፣ «ሳቂ እንጂ፣ ምን ትፈሪያለሽ?» አለቻት። ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ጎረቤቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ካንሰሩ እንዴት ነው?» ብላ የጠየቀቻት ያን ዕለት ነው። ሕመምተኛው ራሱ ቀልድ ሲጀምር አብሮ መሳቅ ሕመሙን መናቅ አይደለም። ቀድሞ መጀመር ግን የጠያቂ ድርሻ አይመስለኝም።

«ሳቅ ካንሰርን ያድናል»

አያድንም። ኖርማን ካዝንስ የተባለ አሜሪካዊ የመጽሔት አዘጋጅ፣ 10 ደቂቃ ከልቡ ሲስቅ 2 ሰዓት ያህል ያለ ሕመም እንደሚተኛ እ.ኤ.አ. በ1976 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር። ታሪኩ ከአፍ አፍ ሲዞር ግን የእሱ ሕመም ካንሰር ሳይሆን የአከርካሪ መገጣጠሚያ ሕመም እንደ ነበረ ይረሳል። ሳቅ ጭንቀትን ያቃልላል፣ የተወጠረ ሰውነትን ያላላል፤ ረጅሙን የመድኃኒት ቀንም ለመቻል ያግዛል። ዕጢውን የሚያክመው ግን መድኃኒቱ ነው፤ የኬሞ ቀጠሮ ያለ ሐኪም ውሳኔ አይታለፍም።

«ካዘንሽ ይብስብሻል፣ ሳቂ!»

መካሪዎቹ ክፋት የላቸውም። ሆኖም አክስቴ ኬሞ በወሰደች በሦስተኛው ሌሊት፣ አቅሟ ተሟጥጦ፣ ሆድ ብሷት ስታለቅስ ቆይታ «የባሰብኝ ስላለቀስኩ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። በሕመሟ ላይ በደለኝነት ተጨመረባት ማለት ነው። ማዘን ካንሰርን እንደሚያሳድግ የተረጋገጠ ነገር የለም። ያላሳቃትን ነገር እንድትስቅበት ማንም ሊያስገድዳት አይገባም፤ ለቅሶም እፎይታ የሚሰጥበት ቀን አለ። ኀዘኑ ሳምንታት ከዘለቀ፣ እንቅልፍና የመኖር ፍላጎት ከጠፋ ግን ለሐኪም መነገር አለበት፤ እሱም ሕክምና አለው።

«ሳቅ ምን ይጎዳል?»

ሳቁ ባይጎዳ አሳሳቁ ይጎዳል። የቀዶ ሕክምና ቁስሉ ያልጠገገ፣ አፉ የቆሰለ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው መሳቅ ያመዋል። ከኬሞ በኋላ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት በሽታን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች በብዛት ስለሚቀንሱ፣ ለማጫወት ብሎ ቤቱን የሚሞላ ሰው ጉንፋን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ነው። ቡናም ቢሆን፣ ጨዋታ የሚያደምቀው የቁሌት ሽታ በኬሞ ሰሞን ያቅለሸልሻል። እኛ ቡናውን ደጅ ባሕር ዛፉ ሥር መቁላት ጀመርን። አክስቴም የቤቱን ሕግ ራሷ አወጣች፦ «ጉንፋን የያዘው በመስኮት ያጫውተኝ፤ ጤነኛው ይግባ።»