የፎቶ አርትዖት ቅደም ተከተል ለጀማሪዎች፦ ከሚሞሪ ካርድ እስከ ኅትመት

በአማርኛ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያም ይታጠባል። ማጠብ የሚለው ቃል የመጣው ፊልም በጨለማ ክፍል ውስጥ በኬሚካልና በውኃ ከሚያልፍበት ሥራ ነው፤ ካሜራው ዲጂታል ከሆነ በኋላም ብዙ ሰው ፎቶ አሳተምሁ ከማለት አሳጠብሁ ማለትን ይመርጣል። ዛሬ የፎቶ አርትዖት ወይም ኤዲቲንግ የሚባለው ሥራ የዚያ ጨለማ ክፍል ወራሽ ነው። የፎቶ ቤት ባለሙያ ብርሃኑን የሚመጥነው፣ ፊቱን ከጥላ የሚያወጣውና ጠርዙን የሚቆርጠው እዚያ ነበር። ፊልም ሲታጠብ መጀመሪያ ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የሚያስቆመው፣ በመጨረሻ የሚያጸናው ይመጣል፤ ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ፊልሙን ያጣል። ኮምፒውተር ግን ማንኛውንም ነገር በማንኛውም ጊዜ ይፈቅዳል። ጀማሪ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚጎድለው መሣሪያ ሳይሆን ሥርዓት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ፎቶውን ከሚሞሪ ካርዱ ወደ ኮምፒውተር ከመገልበጥ ነው። ለእያንዳንዱ ዝግጅት አንድ ፎልደር ይከፈታል፤ ስሙ በዓመት፣ በወርና በቀን ከጀመረ ኮምፒውተሩ ሳይሳሳት በተራው ይደረድረዋል። እዚህ ላይ በኢትዮጵያ ለሚሠራ ሰው አንድ ጣጣ አለ። የ2017 ዓ.ም. ጥምቀት በአንዱ አቆጣጠር 2017-05-11፣ በሌላው 2025-01-19 ነው። አንዱን ፎልደር በእኛ፣ ሌላውን በፈረንጅ አቆጣጠር የሰየመ ሰው በአንድ ቀን ያነሳቸውን ፎቶዎች በስምንት ዓመት ያራርቃቸዋል። ካሜራው በፋይሉ ውስጥ የሚጽፈው ቀን ጎርጎርዮሳዊው ስለሆነ ፎልደሩንም በዚያው መሰየም፣ የበዓሉንና የቦታውን ስም ደግሞ ከጎኑ በአማርኛ መጻፍ ይሻላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በአንድ ሠርግ ላይ ሁለት ሰዎች ሲያነሱ፣ ለጠዋቱ ሁለት ሰዓት አንዱ ካሜራውን 2:00፣ ሌላው 8:00 ብሎ ከሞላው፣ ፎቶዎቹ በአንድ ፎልደር ሲገቡ የጠዋቱ ሽኝት ከከሰዓቱ የኬክ ቆረሳ ጋር ይደባለቃል። ካሜራ ከመያዝ በፊት ሰዓት ማመሳሰል የአርትዖቱ አካል ነው።

ቀጥሎ ምርጫ ይመጣል። ነገሩ ምስር እንደ መልቀም ነው፤ በሰፌዱ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ጠጠሩ ነው። በመጀመሪያው ዙር ዓይን የጨፈነው፣ የደበዘዘውና የተደጋገመው ብቻ ይወጣል፤ በሁለተኛው ዙር የሚሠራበት ይለያል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ለዚህ ባንዲራና ከአንድ እስከ አምስት የሚደርስ ኮከብ አላቸው። ገና ሳይመርጡ የመጀመሪያውን ፎቶ ማስዋብ የጀማሪዎች ሁሉ ፈተና ነው፤ አንድ ሰዓት የፈጀበት ፎቶ ወደ ታች ሲወርዱ የተሻለ መንትያ ይገኝለታል።

የፋይሉ ዓይነት ምን ያህል ማረም እንደሚቻል ይወስናል። ስልኮችና አብዛኞቹ ካሜራዎች የሚያወጡት ጄፔግ የሚባለው የታመቀ ፋይል ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ አለው። ካሜራው የመዘገበውን ብርሃን ሳያስተካክል የሚያስቀምጥበት፣ ሮው የሚባለው ፋይል ባለ14 ቢት ከሆነ 16,384 ደረጃ ይይዛል። ጨለማ ውስጥ የቀረን ፊት ከሮው ማውጣት ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ከጄፔግ ግን ፊቱ ዝርዝሩን አጥቶ ሊወጣ ይችላል። ሮው ብዙ ቦታ ይወስዳል፤ ሆኖም ዳግም ለማይመጣ ቀን፣ ለሠርግ ወይም ለክርስትና፣ ቦታው አይቆጭም። የአርትዖት ፕሮግራሞች ሮው ፋይሉን ራሱን አይነኩትም፤ ትእዛዙን ለብቻው መዝግበው ያስቀምጣሉ፤ ስለዚህ ከዓመት በኋላም ወደ መጀመሪያው መመለስ ይቻላል። ጄፔግን በቀጥታ ከፍቶ በላዩ ላይ ማስቀመጥ ግን የሚያጸጽት ልማድ ነው።

ወደ ማረሙ ሲገባ መጀመሪያ አድማሱ ይቃናል፣ ጠርዙ ይቆረጣል፤ ከዚያ ብርሃኑ ይስተካከላል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ፍሬሙን ሲሞሉት መለኪያው ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልመዋል፤ ልብሱ ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር ይሆናል። መፍትሔው አጠቃላይ ብርሃኑን ከፍ አድርጎ የደማቁን ክፍል ብቻ መልሶ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ፊቱ ይወጣል፣ የነጠላው ጥበብም ሳይጠፋ ይቆያል። ብርሃኑን ከግራ ጨለማ ወደ ቀኝ ደማቅ ደርድሮ የሚያሳየው፣ ሂስቶግራም የሚባለው ግራፍ በቀኝ ጠርዝ ተደፍቶ ከታየ፣ እዚያ ያለው ነጭ ዝርዝሩን እያጣ ነው። ፈጽሞ የነጣ ቦታ ከሮውም ቢሆን አይመለስም።

ከብርሃን ቀጥሎ ዋይት ባላንስ፣ ማለትም ነጩን ነጭ ማድረግ ይመጣል። የድሮው ባለ ክር አምፖል ብርሃን 2,700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ ስለሆነ ቢጫ ያደርጋል፤ የቀን ፀሐይ 5,500 አካባቢ ነው፤ ጥላ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። አንዳንዶች ነጩን ለፕሮግራሙ በሚያሳየው መምረጫ ነጠላውን ነክተው ለማስተካከል ይሞክራሉ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ግን ትንሽ የቅቤ ቀለም አለው፤ እርሱን ንጹሕ ነጭ ነው ብሎ ማሳወቅ ሥዕሉን ሁሉ ያቀዘቅዘዋል። ነጭ ወረቀት ወይም ግራጫ ካርድ የበለጠ ይታመናል።

ስለ ቆዳ ቀለም ግን ረዘም አድርጎ መናገር ይገባል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚሰጠው ማመሳከሪያ «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር፤ በላዩ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ስትሆን ማሽኑ የሚስተካከለው በእርሷ ቆዳ ነበር። ጠይም ፊት በዚያ ሚዛን ሲታተም ዝርዝሩን ያጣ ነበር። ካርዱ ቢቀርም ልማዱ በስልኮች «ማስዋቢያ» ውስጥ ይታያል፤ ብዙዎቹ ሳይጠየቁ ፊትን ያነጣሉ፣ ቆዳን እንደ ሰም ያለሰልሳሉ። ጠይም መልክ ብርሃን ያስፈልገዋል እንጂ መንጣት አያስፈልገውም። ብርሃን ሲጨመርለት ግንባርና ጉንጭ ላይ ያለው ወዘና ይታያል፤ ሲነጣ ግን ወዙ ጠፍቶ አመድ ይመስላል። የብርቱካናማውን ቀለም ማንሸራተቻ ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ የእናትን ፊት እናት እስከማትመስል ድረስ መለወጥ እርማት ሊባል አይችልም።

የቀረው አጭር ነው። ለፊት ብቻ ትንሽ ማብራት፣ ከበስተኋላ ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ማጥፋት፣ በመጨረሻም የምስሉን ዝርዝር ጠርዝ ጠራ ማድረግ (ሻርፕኒንግ)። ብዙ የሮው ፕሮግራሞች ትእዛዞቹን በራሳቸው ውስጣዊ ተራ ስለሚፈጽሙ፣ እዚህ የተዘረዘረው ተራ ከማሽኑ ይልቅ ለዓይን የሚጠቅም ነው፤ ጨለማ በሆነ ፎቶ ላይ ቀለም መዳኘት አይቻልም። የስክሪኑ ብርሃንም እስከ ጫፍ ከፍ ብሎ ከተሠራ በወረቀት ላይ ፎቶው ጨልሞ ይወጣል። የማታ ብርሃን የሚባለው ቢጫ ማድረጊያም ሲሠሩ መጥፋት አለበት።

ለኅትመት በ10 በ15 ሴንቲሜትር ወረቀት 1,200 በ1,800 ያህል ፒክስል ይበቃል፤ ይህም በኢንች 300 ነጥብ ነው። ለስክሪን ኤስ-አርጂቢ የተባለው የቀለም ክልል ይመረጣል። በቴሌግራም «ፎቶ» ተብሎ የተላከ ምስል ይታመቃል፤ «ፋይል» ተብሎ ከተላከ ሳይነካ ይደርሳል። ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች ለማሳተም የሚላክ ከሆነ ልዩነቱ በወረቀቱ ላይ ይታያል።

ከፕሮግራሞቹ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ፎቶሾፕና በ2007 የወጣው ላይትሩም ስመ ጥር ናቸው፤ ሁለቱም የአዶቤ ምርቶች ናቸው። ክፍያቸው በየጊዜው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ በኢትዮጵያ ላለ ጀማሪ ከባድ ነው። ያለፈቃድ የተባዛ ቅጂ ደግሞ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ ለሮው ፋይል፣ ጊምፕ ለዝርዝር ሥራ፣ በስልክ ደግሞ ጉግል በ2012 የገዛው ስናፕሲድ በነፃ ይገኛሉ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ከበቂ በላይ ናቸው።

ማስቀመጫውን በተመለከተ ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይላሉ፦ አንዱ በኮምፒውተር፣ አንዱ በውጫዊ ሀርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በኢንተርኔት ማከማቻ ወይም በዘመድ ቤት። ሚሞሪ ካርዱ የሚጸዳው ቢያንስ ሁለቱ ቅጂዎች ተከፍተው፣ ፎቶዎቹ በእርግጥ መኖራቸው በዓይን ከታየ በኋላ ነው።