ሰው በገንዘቡ የሚያደርገው ከምን ይነሣል? በከተማ ዳር የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከአቃቂ አልፎ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አካባቢ ከመሀል አዲስ አበባ በዕጣ ወጥቶላቸው የመጡ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችና የእርሻ መሬታቸው ለከተማው መስፋፋት ተወስዶ በካሳ የተነሡ ገበሬዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ የሌላውን የገንዘብ አያያዝ ሲያይ «አባካኝ» ወይም «ቋጣሪ» ብሎ ለመፍረድ ጊዜ አይፈጅበትም። ፍርዱ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሰው በገንዘቡ የሚያደርገውን ነገር ከስሌት ችሎታው በፊት የሚወስነው ምኑን ከምኑ እንደሚያስበልጥ ስለሆነ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሻሎም ሽዋርትዝ እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረቡት ጽንሰ ሐሳብ አሥር መሠረታዊ እሴቶችን ዘርዝረዋል፤ ደኅንነት፣ ትውፊትን መጠበቅ፣ ለቅርብ ሰው ማሰብና ስኬት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እሴቶቹ በሁላችንም ዘንድ አሉ፤ የሚለያየን የምንሰጣቸው ቅደም ተከተል ነው።

«ባንክ የማያስገባ ሰው ቁጠባ አያውቅም»

ዕቁብ የሚጥል ሰው ይቆጥባል፤ ያውም በጥብቅ ሥርዓት። በብዙ ዕቁብ ዕጣ የደረሰው አባል ዋስ ሳያቀርብ ብሩን አይረከብም። ድንገት የታመመበት ወይም አስቸኳይ ጉዳይ የገጠመው ሰው ሲኖር ደግሞ ባለዕጣው ተራውን የሚለቅለት ጊዜ አለ። ሁሉም በሰው ፊት የሚደረግ በመሆኑ መጣሉን ያቋረጠ አባል ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበው ስሙ ነው፤ መታመንን ከምንም በላይ ለሚያይ ሰው ከዚህ የበለጠ አስገዳጅ የቁጠባ መንገድ የለም።

ስሌቱም ቢሆን ሁልጊዜ ለባንክ አያደላም። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 10,000 ብር በዝቅተኛው ወለድ ያስቀመጠ ሰው የሚያገኘው 700 ብር ሲሆን፣ በ10,000 ብር ይገዛ የነበረውን ዕቃ በዓመቱ መጨረሻ ለመግዛት ግን ከ13,000 ብር በላይ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ባገኘች ቁጥር ብሎኬት ወይም ቆርቆሮ እየገዛች ግቢዋ ውስጥ የምታስቀምጥ ሴት አርቃ የምታስብ ናት። ባንኩም የራሱ ጥቅም አለው፤ ብሎኬት ሌሊት ለታመመ ልጅ መድኃኒት አይገዛምና።

«ካሳ የተቀበለ ገበሬ ገንዘቡን የሚጨርሰው ዋጋውን ስለማያውቅ ነው»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ አባባል ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት ስለማይሸጥ፣ ገበሬው የሚቀበለው የመሬቱን ዋጋ ሳይሆን በላዩ ለነበረው ንብረትና ለሚያጣው ምርት የተሰላ ካሳ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 የመፈናቀያ ካሳው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ይሰላ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ከመሬቱ ከመነሣቱ በፊት ከነበሩት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነው ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ ተደንግጓል። ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ሲታይ ብዙ ይመስላል። ለገበሬው ግን መሬት በየዓመቱ የሚሰጥ፣ ለልጅ የሚተላለፍና ዘመድ የሚሰበስብ ነበር፤ ብር ከእነዚህ አንዱንም በራሱ አያደርግም።

እንግዲህ ሰውየው የሚያደርገውን በቅርብ እንየው። አጥር ግቢው ውስጥ የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎችን ይሠራል፤ በየወሩ የሚመጣ ኪራይ በየዓመቱ ከሚታፈሰው እህል ጋር ይቀራረባልና። ለልጁ ባጃጅ ይገዛል፤ መሬት ሊያወርሰው ስለማይችል መተዳደሪያ ማውረሱ ነው። ከቀረው ላይ ለወንድሞቹና ለእህቶቹ ያካፍላል፤ በደቦ አብረውት ያረሱና ያጨዱ ሰዎች ስለሆኑ እንዲህ ባለ ቀን መንፈግ ለእርሱ ነውር ነው። ባጃጁ ተበላሽቶ ሲቆም ወይም ክፍሎቹ ተከራይ ሲያጡ ጎረቤት «በላው» ይላል። የከሸፈው ግን ልምድ የሌለበት ንግድ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ራሱ ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበት ድጋፍ እንዲደረግላቸው ይደነግጋል፤ በእኔ እምነት ጥያቄ መቅረብ ያለበት ገበሬው ላይ ሳይሆን የዚህ ድጋፍ አፈጻጸም ላይ ነው።

«ለሠርግና ለተዝካር የሚወጣ ገንዘብ ብክነት ነው»

ለአብሮነት ቅድሚያ የሚሰጥ ሰው ድግስን የሚያየው የተበላውን እንደ መመለስ አድርጎ ነው፤ ነገ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑን ተክለው አብረውት የሚያድሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ተበድሮ መደገስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሰው ምን ይለኛል ተብሎ በተወሰደ ብድር የልጆች ትምህርት ሲቋረጥ ካየሁ፣ አብሮነት ተጠበቀ ብዬ ልናገር አልችልም።

«ሃይማኖተኛ ሰው ለገንዘብ ግድ የለውም»

አሥራት የሚያወጣ ክርስቲያን ገቢውን፣ 2.5 በመቶ ዘካ የሚያወጣ ሙስሊም ሀብቱን በትክክል ማወቅ አለበት። እምነት ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ይቀይሳል እንጂ ከገንዘብ አያርቅም። ወለድን በእምነታቸው ምክንያት የሚሸሹ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለረጅም ጊዜ ባንክን ሲርቁ ቆይተው፣ ከወለድ ነጻ አገልግሎት በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በተለየ መስኮት ሲጀመር፣ ኋላም በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ሲጀምር፣ ገንዘባቸውን ይዘው መጥተዋል።

«ድሃ ድሃ የሆነው አርቆ ስለማያስብ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በሕንድ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊትና በኋላ ፈትኖ ነበር። እነዚያው ሰዎች ገንዘብ ባጠራቸው ወቅት በማሰብ ችሎታ ፈተናዎች ያገኙት ውጤት ካገኙ በኋላ ከነበረው ያነሰ ሆኗል። በሁለቱ ወቅቶች መካከል የገበሬዎቹ እሴት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ችግሩ የሚወስድባቸው ሐሳብ ነው።

«ባልና ሚስት በገንዘብ የሚጣሉት ስላነሳቸው ነው»

20 በመቶውን ቆጥበው ቀሪውን 80 በመቶ በባንክ ብድር በሚከፍሉበት የ20/80 ፕሮግራም ቤት የደረሳቸው ሁለት ደመወዝተኞችን እናስብ። ቤቱ ውስጡ ሳይጠናቀቅ ስለተረከቡት ሚስት ሴራሚኩ እንዲነጠፍና የባንኩ ዕዳ ቶሎ እንዲቀንስ ትፈልጋለች፤ ባል ደግሞ አገር ቤት ላለው ታናሽ ወንድሙ የትምህርት ወጪ በየወሩ ይልካል። ደመወዛቸው ቢጨመርም እርሷ ብዙ ዕዳ ለመክፈል፣ እርሱም ብዙ ለመላክ ስለሚያስቡ ጠቡ አይበርድም። የሚሻለው ለወንድምየው የሚላከው ገንዘብ ያልተመዘገበ ወጪ መሆኑ ቀርቶ ከባንኩ ክፍያ ጎን በወር ወጪ መዝገባቸው ላይ ከነመጠኑ መስፈሩ ነው፤ ሚስትም የሴራሚኩን ወር በእርግጠኝነት ልታውቅ የምትችለው ያን ጊዜ ነው።