የኤረር ሎግና የአክሰስ ሎግ ማዛመድ ምንድን ነው?

ዌብ ሰርቨር ሁለት መዝገብ ይይዛል። አክሰስ ሎግ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጠየቀና በምን ኮድ እንደተመለሰለት ይጽፋል፤ ኤረር ሎግ ደግሞ ምን እንደተበላሸ። ማዛመድ ማለት አንዷ የኤረር መስመር በየትኛው ሪኩዌስት (ወደ ሰርቨሩ የመጣ ጥያቄ) ምክንያት እንደተጻፈች ለይቶ ማወቅ ነው።

አብዛኛው ሰው በአይፒ (በጠያቂው የኔትወርክ አድራሻ) እና በሰዓት ይጀምራል። ጅማ ላይ አይፒው እምብዛም አይለይም፤ የአንድ ካምፓስ ተማሪ ሁሉ በአንድ ፐብሊክ አይፒ ሊወጣ ይችላል፣ በምዝገባ ሰሞን ደግሞ በአንዲት ሰከንድ ብዙ ሪኩዌስት ከዚያው ይመጣል። ሰዓቱ የባሰ ነው። ከከተማው ሂርማታ ሰፈር የደወለ ደንበኛ «ስምንት ሰዓት ላይ እምቢ አለኝ» ካለ ሎጉ ላይ የሚፈለገው 14:00 ነው፤ ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከሆነ 11:00። ይህ ቢስተካከል እንኳ፣ አፓቼ የተባለው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም አክሰስ ሎግ ላይ በዲፎልት (ካልተቀየረ በቀር) የሚያሰፍረው ሪኩዌስቱ የገባበትን ሰዓት ሲሆን ኤረሩ የሚጻፈው ግን በተከሰተበት ቅጽበት ነው። ከጀርባ ያለው ፕሮግራም 60 ሰከንድ ዝም ብሎ 504 (መልስ በጊዜው አልመጣም የሚል ኮድ) ከመጣ፣ ሁለቱ መስመሮች በደቂቃ ይራራቃሉ።

የሚያስተማምነው መለያ ቁጥር ነው። በአፓቼ 2.4 ሥራው ቀላል ነው፦ የሁለቱን ሎጎች ፎርማት በሚወስኑት ትእዛዞች፣ በሎግፎርማትም በኤረርሎግፎርማትም ውስጥ፣ የፐርሰንት ምልክትና ትልቁን ኤል (%L) መጨመር። ኤረር ያስከተለ ሪኩዌስት በሁለቱም ሎጎች አንድ መለያ ይይዛል፤ ሌላው ሪኩዌስት አክሰስ ሎጉ ላይ «-» ብቻ ይኖረዋል።

ሌላው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም ኤንጂንኤክስ የኤረር ሎጉን ፎርማት አያስቀይርም። መስመሩ ላይ ግን «1284#1284: *90731» የመሰለ ነገር አለ፤ ከኮከቡ ቀጥሎ ያለው የኮኔክሽን (ከደንበኛው ጋር የተከፈተው ግንኙነት) ቁጥር ነው። ኮኔክሽን የተባለውን ቫሪያብል ($connection) አክሰስ ሎግ ፎርማት ውስጥ ካስገቡት ሁለቱ መስመሮች ይገጥማሉ። ታዲያ በኪፕአላይቭ (ግንኙነቱን ሳይዘጉ ደጋግሞ በመጠቀም) አንድ ኮኔክሽን ብዙ ሪኩዌስት ስለሚያስተናግድ የተጠየቀውን አድራሻም ማየት ግድ ነው፤ ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግም ቁጥሩ ከመነሻው ይጀምራል። ከኤንጂንኤክስ 1.11.0 ጀምሮ ያለው የሪኩዌስት አይዲ ቫሪያብል ($request_id) ብዙ ሰው ያታልላል፤ ኤረር ሎግ ውስጥ አይገባም። የሚጠቅመው በሄደር (ከሪኩዌስቱ ጋር በሚሄድ ተጨማሪ መረጃ) ወደ ጀርባው ፕሮግራም ሲላክ ነው።

አክሰስ ሎግ ላይ ከ500 ጀምሮ ያሉትን የሰርቨር ስህተት ኮዶች ብቻ መፈለግም አያዋጣም። አንዱ አፕስትሪም (ከጀርባ ያለ ሰርቨር) ታይምአውት ሲያደርግ፣ ማለትም በጊዜው ሳይመልስ ሲቀር፣ ኤንጂንኤክስ ወደ ሌላው ስለሚያዞር፣ ኤረር የተጻፈበት ሪኩዌስት 200 (ተሳክቷል የሚል ኮድ) ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ጥንድ ጭራሽ የሌለው መስመርም አለ። የሰርቨሩ ፕሮሰስ በሴግመንቴሽን ፎልት (ፕሮግራምን በድንገት በሚገድል የሜሞሪ ስህተት) መሀል ላይ ከሞተ የአክሰስ መስመሩ አይጻፍም፣ የሚጻፈው ሪኩዌስቱ ሲያልቅ ነውና። ለዚህ አፓቼ ሞድ ሎግ ፎረንሲክ የተባለ ሞጁል (ተጨማሪ ክፍል) አለው፦ ሪኩዌስቱ ሲገባ በ«+»፣ ሲያልቅ በ«-» የሚጀምር መስመር ይጽፋል። «+» ኖሮት «-» የሌለው መለያ ነው የሚፈለገው።