የድሮ የባህር ኃይል ጄት ዳግም ሲበር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ግሩማን ኤፍ9ኤፍ ፓንተር የአሜሪካ ባህር ኃይል ከመርከብ ላይ ካበረራቸው የመጀመሪያዎቹ ጄት ተዋጊዎች አንዱ ነው። ለሙከራ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሆን ኮሪያ ላይ ተዋግቷል። የእኛ ቃኘው ሻለቃ እዚያ በዘመተበት በ1951፣ ፓንተሩ ተጎድቶበት በፓራሹት የወረደ አንድ ወጣት ፓይለት ነበር፤ ኋላ ጨረቃን የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ። ከ1,300 በላይ ተሠርቶ ዛሬ ለበረራ የሚበቃ ማግኘት ብርቅ ነው። እንዲህ ያለውን አውሮፕላን መልሶ ስለማስነሳት ደግሞ ብዙ ይወራል።

«ሙዚየም ውስጥ አምሮበት ከቆመ ነዳጅ ሞልቶ ማስነሳት ነው»

ቀለም ብዙ ጉድ ይሸፍናል። አውሮፕላኑ የኖረው ጨዋማ አየር ውስጥ ነው። አሉሚኒየምና የብረት ቡሎን በተገናኙበት ቦታ ጨውና እርጥበት ከገባ አሉሚኒየሙ ውስጥ ለውስጥ ይበላል። የማግኒዚየም ክፍሎችማ ቀለሙ ሲነሳ ነጭ ዱቄት ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመፈታታት ነው።

ስንጥቅ ፍለጋው ደስ ይላል። ክፍሉ ጥርት ተደርጎ ይታጠባል። ቀይ ፈሳሽ ይቀባል፤ ጥቂት ይቆይና ይጠረጋል። ከዚያ ነጭ ዱቄት ይነፋበታል። ደህና በመሰለው ብረት ላይ ፀጉር የምታህል ቀይ መስመር ብቅ ካለች፣ በቃ፣ ያ ክፍል አለቀለት።

«ከባዱ ሞተሩ ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፓንተር ኤፍ9ኤፍ-2 ሞተር የእንግሊዙ ሮልስ ሮይስ ኔን ነው፤ ፕራት ኤንድ ዊትኒ በፈቃድ አሜሪካ ውስጥ ያመረተው። ካናዳም ማሰልጠኛ ጄቷ ላይ ገጥማዋለች። እንግሊዞች ለሶቪየት ኅብረት ሸጡት፤ ሶቪየቶች ደግሞ ቀድተው ሚግ-15 የተባለው ተዋጊ ጄታቸው ላይ ገጠሙት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1950 ፓንተር ኮሪያ ሰማይ ላይ ሚግ-15 ሲጥል የተፋጠጡት ሞተሮች ያንድ አባት ልጆች ነበሩ። ብዙ ስለተመረተና አሠራሩም ጠንካራ ስለሆነ፣ ለፈለገ ሰው መለዋወጫው ጨርሶ አልጠፋም።

ሥራውን የሚያስረዝሙት ትንንሾቹ ናቸው። ጓርኒሲዮን፣ የነዳጅና የሃይድሮሊክ ጎማ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ። ጎማ ባይሠራበትም ያረጃል። በዚያ ልክ የሚያመርት ፋብሪካ ከሌለ በትዕዛዝ ማሠራት ነው። አንዲት ሁለት ብር የማትሞላ የምትመስል ቀለበት አውሮፕላኑን ለወራት ታቆመዋለች።

«ከአስፓልት ስለሚነሳ የመርከቡ ዕቃ አያስፈልግም»

በጅራቱ በኩል ያለው፣ መርከብ ላይ ሲያርፍ ገመድ ይዞ የሚያቆመው መንጠቆ ሥራ ሊፈታ ይችላል። ክንፉ ግን ሌላ ነው። መርከብ ላይ ቦታ እንዳይፈጅ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ያ ማጠፊያ አየር ላይ ሸክም ተሸካሚ ነው። ዳግም ላይታጠፍ ቢወሰን እንኳ መቆለፊያዎቹ አንድ በአንድ መመርመር አለባቸው።

«ችግር ቢመጣ ፓይለቱ በወንበሩ ተወርውሮ ይወጣል»

ወንበሩ የሚወረወረው በፈንጂ ነው፤ ፈንጂው ደግሞ የአገልግሎት ጊዜ አለው። ለዚያ ዘመን ወንበር አዲስ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ ብዙ አሮጌ ጄቶች ወንበራቸው ከሥራ ውጭ ሆኖ ይበራሉ። ፓይለቱ ይህን አውቆ ነው የሚገባው።

«ባለቤቱ ከፈለገ ማን ይከለክለዋል»

የአቪዬሽን ባለሥልጣን ነዋ። አሜሪካ ውስጥ የሚሰጠው ለትርኢት የሚሆን የሙከራ ፈቃድ ነው፤ ከፋይ ተሳፋሪ መጫን የለም። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ሾርሃም ላይ ሀንተር የተባለ አሮጌ ጄት ወድቆ 11 ሰው ከሞተ በኋላ ቁጥጥሩ ጠብቋል።

«ብርቅ አውሮፕላን ሁሉ መብረር አለበት»

እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። የእንግሊዝ ባህር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ግንባር ቡድኖቹ ያስገባው የመጀመሪያ ጄት ተዋጊ ሱፐርማሪን አታከር ነበር። የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ዮቪልተን ሙዚየም ቆሟል። እሱን ላብርር የሚል ቢመጣ ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነኝ። ሞተሩ ያው ኔን ስለሆነ ዕቃ አይጠፋም፤ ሁለተኛ አታከር ግን የለም።