የኮንክሪት እጣቢ ውኃ ምንድን ነው?

እጣቢ የቤት ቃል ነው፤ ዕቃ ታጥቦበት ሊደፋ የተዘጋጀ ውኃ ማለት ነው። በኮንክሪት መፈተሻ ላቦራቶሪ ግን ቃሉ ከበድ ያለ ነገር ይዟል። የኮንክሪት እጣቢ ውኃ የሚባለው ሚክሰሩ፣ ባሬላው፣ የእርጥብ ኮንክሪት ቅጥነት የሚለካበት የስላምፕ ኮንና ለጥንካሬ ፍተሻ የሚሆኑ የኮንክሪት ኩቦች የሚሞሉበት የኩብ ሞልድ ሲታጠቡ የሚወጣው፣ ሲሚንቶና ደቃቅ አሸዋ የተቀላቀለበት ውኃ ሲሆን፣ ኩቦቹ እስኪጠነክሩ ተነክረው የሚቆዩበት የክዩሪንግ ገንዳ ውኃም በባሕርዩ ከዚሁ ይመደባል።

ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በተለምዶ ኖራ የምንለው ውሕድ፣ ይፈጠራል። ፒኤች የውኃን አሲድነትና አልካላይነት የሚያሳይ መለኪያ ነው፤ 7 ገለልተኛ ሲሆን ከዚያ በላይ አልካላይ፣ ከዚያ በታች አሲድ ነው። በኖራ የጠገበ ውኃ ፒኤቹ በክፍል ሙቀት 12.4 ገደማ ነው፤ ሲሚንቶው ውስጥ ያሉት ሶዲየምና ፖታሲየም ሲጨመሩበት ደግሞ ከዚያም ከፍ ሊል ይችላል። አብዛኞቹ የወንዝ ዓሦች በደህና የሚኖሩት ፒኤቹ ከ6.5 እስከ 9 በሆነ ውኃ ውስጥ መሆኑን፣ በፒኤች መለኪያ ላይም እያንዳንዱ ቁጥር የአሥር እጥፍ ለውጥ መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ ነገሩ ተራ ጭቃ አለመሆኑን ይረዳል።

ችግሩን የሚያባብሰው መልኩ ነው። ግራጫው ውኃ በማዝቀጫ ገንዳ ውስጥ ሲያድር ደቃቁ ከሥር ይቀራል፣ ከላይ ያለው ይጠራል፤ ጠዋት የሚያየው ሠራተኛም ጠርቷል ብሎ ወደ ቦይ ይለቀዋል። ያ የጠራ ውኃ ግን ፒኤቹ አሁንም 12 አካባቢ ነው፤ የሟሟ ኖራ አይዘቅጥምና። በውኃ አቅጥኖ መልቀቅም መፍትሔ አይደለም፦ በቀላል ስሌት ፒኤቹ 12 የሆነን አንድ ሜትር ኩብ ወደ 9 ለማውረድ አንድ ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ንጹሕ ውኃ ያስፈልጋል።

በእኔ እምነት በላቦራቶሪ ውስጥ ከሁሉ የተዘነጋው የክዩሪንግ ገንዳው ነው። ኩቦቹ 7 ወይም 28 ቀን እስኪሞላቸው ድረስ የራሳቸው ኖራ እየሟሟ እንዳይወጣ ሲባል በብዙ ላቦራቶሪዎች ገንዳው ሆን ተብሎ በኖራ ይጠግባል። ያልተነካካ ገንዳ ላይ የሚታየው፣ ፈልቶ በበረደ ወተት ላይ እንደሚጋግረው ሰልባቦት ያለ ስስ ነጭ ሽፋን፣ ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ የሠራው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ገንዳው ለጽዳት ሲከፈት ይህ ሁሉ ውኃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይወጣል፤ የዕለቱ እጣቢ በወራት የማያደርሰውን ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ትክክለኛው አያያዝ ደቃቁን ማዝቀጥ፣ የሚቻለውን ያህል ውኃ ለዕቃ ማጠቢያ መልሶ መጠቀም፣ የተረፈውንም ፒኤቹን አውርዶ መልቀቅ ነው። ለማውረዱ አሲድ የሚጠቀሙ አሉ፤ ነገር ግን ጥቂት ከመጠን ያለፈ አሲድ ውኃውን ወደ ሌላኛው ጫፍ ይወረውረዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ማስገባት ይሻላል፤ ኖራውን ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ለውጦ ያዘቅጠዋል፣ ቢበዛም ውኃውን አደገኛ አሲድ አያደርገውም።

በአገራችን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው የወጣውን ደረጃ ጥሶ አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። ከአዲስ አበባ ቦዮች የሚወጣው ውኃ ወደ አቃቂ ወንዞች፣ ከዚያም ወደ አዋሽ የሚወርድ፣ በመንገዱም አትክልት የሚለማበት በመሆኑ ክልከላው ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። ደረጃው መጠበቁን የሚያሳየው ደግሞ ናሙና ነው።

ፒኤች እዚያው በቦታው ይለካል። ግማሽ ድረስ ተሞልቶ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የተላከ ጠርሙስ በመንገድ ላይ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ፒኤቹ ይወርዳል፤ የሚደርሰውም ከወጣበት የተሻለ ውኃ መስሎ ነው። የፒኤች መለኪያ መሣሪያውም ፒኤቻቸው 4 እና 7 መሆኑ በታወቀ የማስተካከያ ፈሳሾች ብቻ ተስተካክሎ 12ን እንዲያነብ መጠበቅ የለበትም፤ ቢያንስ የ10ሩ ፈሳሽ ሊጨመር ይገባል። ለጠቅላላ ብረታ ብረት ምርመራ የሚወሰደው ናሙና ናይትሪክ አሲድ ተጨምሮበት ፒኤቹ ከ2 በታች ይደረጋል። በሲሚንቶ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘውን፣ ቆዳንም የሚያስቆጣውን ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም የተባለውን የክሮሚየም ብረት ዓይነት ለመመርመር የተቀዳው ጠርሙስ ግን ይህ አሲድ ሊነካው አይገባም፤ አሲዱ የክሮሚየሙን ዓይነት ሊለውጠው ስለሚችል ውጤቱ ባዶ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጠርሙስ ይቀዳል፤ ሁለተኛው ቀዝቅዞ በፍጥነት ይላካል። በርክክብ ቅጹ ላይም ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ገንዳ እንደቀዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ናሙናው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዙ ከመግባቱ በፊት ይሁን በኋላ የተወሰደ መሆኑ ይጻፋል።