የመብራትና የጋዝ ድርጅት ለመቀየር የመውጫ ቅጣት የማይከፈለው መቼ ነው?

ብሪታንያ ውስጥ ዋጋው ለተወሰነ ጊዜ የማይቀየር ውል የፈረሙ ብዙ ሰዎች ቅጣቱን ፈርተው ውድ ድርጅት ላይ ይቀመጣሉ። በጣም ያሳዝናል። ውሉ ሊያልቅ 49 ቀን ከቀረው ጀምሮ የመውጫ ቅጣት ማስከፈል ክልክል ነው፤ ስለዚህ የማብቂያውን ቀን ሂሳቡ ላይ ፈልጉና ወደ ኋላ ሰባት ሳምንት ቁጠሩ። አዲሱን ከፈረማችሁ በኋላም ሐሳባችሁን ለመቀየር 14 ቀን አላችሁ። መብራቱ አይቋረጥም። በቅያሬው ዕለት ግን የቆጣሪውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ የመጨረሻው ሂሳብ በዝቶ ቢመጣ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ተከራይ ብትሆኑም፣ ለድርጅቱ በቀጥታ የምትከፍሉት እናንተ ከሆናችሁ የመቀየር መብቱ የእናንተ ነው። ከ28 ቀን በላይ የቆየ ዕዳ ካለባችሁ ግን የቀድሞው ድርጅት ቅያሬውን ሊያግድ ስለሚችል፣ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።